ዱላዬ ታስራለች፣ ሌቦቹ ደህና ናቸው

ለጨፌ ቦሩ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ፣ ለክቡር ኦቦ ኢንስፔክተር

ጉዳዩ፦ በባሕር ዛፉ ቁልቁለት በብስክሌተኞች ላይ ስለሚደርሰው ድብደባና ዝርፊያ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ በፊት ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ከጣቢያው ዋርካ ጥላ ሥር ቆማ የምትውለው ፒክአፕ መኪናዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ፈዬራ ጉርሙ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሌቦቹም ደህና ናቸው፤ ስለ እነሱ አይጨነቁ።

ማንበብና መጻፍ አልችልም። ይህን የሚጽፍልኝ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው አቶ ወሰኑ ነው። የተማረ ሰው ስለሆነ አንዳንዱን ቃል ለስለስ እናድርገው ይለኛል፤ እኔ ደግሞ እንዳልኩት ጻፍ እለዋለሁ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ለስላሳ ቃል ካገኙ የእሱ ነው፤ የቀረው የእኔ ነው። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁትም ታሽጎ የሚመጣልዎን ለመክፈት ጊዜ እንደሌለዎ ስለማውቅ ነው። ገበያተኛው ሁሉ ካነበበው አንዱ ይነግርዎታል።

ከከተማችን ወደ ጉደር ሲወጣ ያለውን የባሕር ዛፍ ቁልቁለት ያውቁታል ብዬ አስባለሁ። ባያውቁትም አይፈረድብዎትም፤ የመኪና መስታወት ዘግቶ ለሚያልፍ ሰው ከሌላው መንገድ አይለይም። በሳይክል ለሚያልፍ ግን ይለያል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰዎቹ ከዛፍ ወደ ዛፍ ገመድ ይወጥራሉ፤ ቁልቁለቱን እየበረረ የመጣው ሰው በደረቱ ይመታዋል፤ ወድቆ ሳይነሳ በብረት ይቀጠቅጡታል፤ ሳይክሉን ይዘው ይሄዳሉ። አስተማሪው ሚልኪያስ የፊት ጥርሶቹን እዚያ ትቶ መጥቶ ዛሬ ልጆቻችንን የሚያስተምረው እያፏጨ ነው። እርስዎ ይህን ሁሉ እያወቁ ዝም አላሉም። ያደረጉልንን አንድ በአንድ እያነሳሁ ላመስግንዎ።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ታርጋው ነው። ልጄ ሶረቲ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ወይፈን ሸጬ በገዛሁላት ሳይክል የክትባት ሳጥኗን ከኋላዋ አስራ ከመንደር መንደር ትዞር ነበር። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ከሥራ ስትመለስ ገመዱ መትቶ ጣላት። ሳይክሉን ለቀቀችላቸው። ሳጥኑን ግን አልለቅም አለች፤ ውስጡ ያለው የሕፃናት መድኃኒት ነዋ። ሳጥኑን ሊያስለቅቋት ክንዷን በብረት ሰበሩት፤ ከፍተው የሚሸጥ ነገር ሲያጡበት ቦይ ውስጥ ወረወሩት። ልጄ የተሰበረ ክንዷን በሻሿ አንጠልጥላ ጣቢያዎ ድረስ በእግሯ መጣች። ተረኛው ፖሊስዎ በመጀመሪያ የጠየቃት ሴት ልጅ ሆነሽ ሳይክል ላይ ምን አወጣሽ ብሎ ነው። ቀጥሎም የተሰረቀ ሳይክል የሚመዘገበው በታርጋው ስለሆነ ታርጋውን አምጪ አላት። ታርጋው፣ ክቡር ሆይ፣ ሳይክሉ ላይ ነው ያለው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ነው በብሎን ያሰረው። እኔ ያልተማርኩ ስለሆንኩ ነው እንጂ፣ ሌቦቹ ታርጋውን ፈትተው እስኪመልሱልን መጠበቅ እንዳለብን ማወቅ ነበረብኝ። ስለዚህ ትምህርት ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ በጣቢያው በር ላይ ስላስለጠፉት ማስታወቂያ ነው። አቶ ወሰኑ ሲያነብልኝ የሚያላግጥብኝ መስሎኝ ደግመህ አንብብ አልኩት። ብስክሌተኞች ለራሳቸው ደህንነት ሲሉ ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርሱ ወርደው ብስክሌታቸውን እየገፉ እንዲያልፉ ይላል። ቀድሞ ሌቦቹ ገመድ መግዛት፣ መወጠር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኮራምተው መጠበቅ ነበረባቸው። እርስዎ ከዚህ ሁሉ ድካም ገላገሏቸው፤ አሁን ባለሳይክሉ ራሱ ወርዶ፣ መሪውን ይዞ፣ እየገፋ እጃቸው ላይ ያስረክባቸዋል። ለሕዝብ እንዲህ የሚጨነቅ ኃላፊ ሌላ ቦታ አለ ቢሉኝ አላምንም፤ ሌቦቹም ሕዝብ ናቸውና።

ሦስተኛው ምስጋና አይደለም። አቶ ወሰኑ ይህንንም ምስጋና በለው ቢለኝ አፌ እምቢ አለኝ።

የልጄ ክንድ ገና ሳይጠና አለቃዋ መንደሮቹ ያለ ክትባት ቀሩ፣ ካልተመለስሽ በቦታሽ ሌላ ሰው ይቀጠራል አላት። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ሳይክል አዋሷትና ወጣች። እኔም አባት ነኝና አመሻሽ ላይ ቁልቁለቱ ድረስ እየሄድኩ እጠብቃት ጀመር። እሷ ማስታወቂያዎን አክብራ ወርዳ ትገፋለች፤ እኔ ዱላዬን ይዤ ከፊት ከፊቷ እሄዳለሁ። ዱላዬ ወይራ ናት፤ የአባቴ ነበረች፤ እሷን ሳልይዝ ከደጄ ወጥቼ አላውቅም። በእነዚያ ቀናት ገመድም ብረትም አላየንም።

አንድ ምሽት ግን በዚያ መንገድ ቆማ የማታውቀው ፒክአፕዎ መጣች። እኔ ሞኙ ሌባ ሊይዙ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ መንገድ ለቀቅሁላቸው። ወርደው የያዙት ዱላዬን ነው። ጉዳት የሚያደርስ መሣሪያ ይዞ መንገድ ላይ መቆም ወንጀል ነው አሉኝ። ጣቢያ ወስደው አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው አስፈረሙኝ፤ ዱላዬን ኤግዚቢት ክፍል አስገብተው ቆለፉባት፤ አንተ ሽማግሌ ቤትህ ተቀመጥ ብለውም አሰናበቱኝ። አንተ ያለኝ ፖሊስዎ በዕድሜው የልጅ ልጄ ይሆናል። ልጄ ያን ምሽት ቁልቁለቱን ብቻዋን አለፈች፤ መኪናዋ ቦታ የነበራት ለእኔና ለዱላዬ ብቻ ነው።

ዓመቱን ሙሉ በዚያ መንገድ የተያዘው መሣሪያ የእኔ ዱላ ብቻ ነው። ገመዱ ውጭ ነው። ብረቱም ውጭ ነው። እርስዎ ግን ሥራዬን ሠራሁ ብለው እራትዎን በልተዋል፤ እኔ ደግሞ ለዚህ ሥራ ስም ስጥ ብባል የምሰጠውን ስም አቶ ወሰኑ አልጽፍም ብሎኛል።

ቤትህ ተቀመጥ ስላሉኝ ተቀምጬ አሰብኩ። የሰው ጥርስ ረግፎ ያልመጣ ፖሊስ፣ የሴት ልጅ ክንድ ተሰብሮ ያልመጣ ፖሊስ፣ አንድ ሽማግሌ ዱላ ይዞ ሲቆም ከች አለ። እንግዲህ የመጥሪያው መንገድ ይህ ከሆነ እኛ አንሰስትም። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ እኔ፣ ጎረቤቶቼ ተሬፋና ሙለታ፣ የዕድራችንም ሽማግሌዎች በሙሉ፣ ልጄ ከምታልፍበት ሰዓት አስቀድመን ባሕር ዛፉ ሥር ዱላችንን ጉልበታችን ላይ አጋድመን እንቀመጣለን። ፈልጎ ማግኘት እንዳያስቸግርዎ አስቀድሜ ነግሬዎታለሁ። መጥተው ይቀሙን። አንሮጥም፣ አንከራከርም፤ ተራ በተራ መኪናዋ ላይ ወጥተን ጣቢያ ሄደን እንፈርማለን። ታዲያ የሽማግሌ ጉልበት ቀስ ይላል። አንዱን ደግፈው ጭነው ወደ ሌላው እስኪያልፉ መኪናዎ መብራቷን አብርታ እዚያው ትቆማለች፤ ልጄም፣ አስተማሪውም፣ ከገበያ የሚመለሰውም በዚያ መብራት ያልፋሉ። በማግስቱ አዲስ ዱላ ቆርጠን እንመጣለን። ባሕር ዛፍ እንደሆነ ሞልቷል። እርስዎ ኤግዚቢት ክፍሉን ሰፋ ያድርጉት።

ልጄ በሁለት እጇ መሪ ይዛ ወደ ቤቷ እንድትገባ ከመሻት በቀር ከእርስዎ ሹመትም ምሕረትም የማልለምን፣ ለመንገዱ ጥበቃ የአባቴን ዱላ ያዋጣሁ አክባሪዎ፣

ፈዬራ ጉርሙ

በአውራ ጣቴ ፈርሜአለሁ፤ ቀለሙ የጣቢያዎ ነው፣ ገና አልለቀቀኝም።

ኅዳር 2003 ዓ.ም.፣ ጨፌ ቦሩ

ተረስቶ የተጨመረ፦ ዱላዬ ቅቤ ካልተቀባች ትሰነጠቃለች፤ እስረኛ ይቀለባልና ያስቀቡልኝ። ምናልባት መኪናዋ ተበላሽታብዎ በዚያ ቁልቁለት አመሻሽ ላይ በእግርዎ ማለፍ ግድ ቢሆንብዎ፣ ዱላዬን አውጥተው ይዘዋት ይሂዱ፤ ፈቅጃለሁ። ብቻ ፖሊስ እንዳያይዎ።