ፋይሎቹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ግርማዬ፣

ከተለየኸኝ የፊታችን ቅዳሜ ድፍን ዓመት ይሞላል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ ስላለኝ ልጆቹ አልጋዬን ሳሎን አውርደውታል። መኪናህን ልጅህ ሔለን ወስዳ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሮክቪል ለሥራ ትመላለስበታለች። ሬዲዮውን አንተ ከተውክበት ጣቢያ እንዳትነካው ነግሬያታለሁ፤ እንደማትሰማኝ ግን ታውቃለህ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ቢሮ አብረን ስንሠራ ስለሆነው፣ አንድም ቀን አንስተን ስላልተነጋገርንበት ነገር ነው።

ያን ጊዜ ኮምፒውተር በየጠረጴዛው አልነበረም። ዋናው ማሽን ሌላ ሕንፃ ውስጥ ሆኖ፣ እኛ ሁላችን በስልክ መስመር እየገባን እንጋራው ነበር። የምንጽፈውም እሱ የሚመልሰውም በጥቅል ወረቀት ላይ ይታተማል። ከምሳ በፊት ሁላችን ስንረባረብበት ይዘገይና፣ አንተ እጅህን አጣምረህ ሰውዬው እያሰበ ነው እያልክ ታስቀን ነበር። እኔ አዲስ ስለነበርኩ የምሠራው በአንተ ስምና በአንተ የይለፍ ቃል ነው።

የማሽኑ ቦታ ሲሞላ አለቃችን ከአምስት ዓመት በላይ የቆዩትን ፋይሎች አጥፊ አለችኝ። አጠፋሁ። አንተ ደግሞ ፋይሎችህን የምትሰይመው በእኛው ዓመተ ምሕረት ኖሯል። የዚያው ዓመት ሥራህ የሰባት ስምንት ዓመት አሮጌ መሰለኝ። ፈረንጅ ቢሳሳት ባልገረመኝ፤ እኔ፣ እንቁጣጣሽን ከአንተ ጋር የማከብረው፣ ቁጥሩን አይቼ አላወቅሁትም። ቅጂ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሥራው መጥፋቱ ታውቆ አለቃችን ስትመጣ፣ ትእዛዜ የታተመበትን ወረቀት ቀደህ ኪስህ ከተትክና ሥራውን ከአልማዝ ተቀብዬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልክ። አይቼሃለሁ። የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም ነበር፤ ሔለንንም አርግዤ ነበር። ላንተ ሊሰጥ የነበረው የክፍል ኃላፊነት ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ጡረታ እስክትወጣም አልደረሰህም።

የሚከብደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጆቹ በየበዓሉ ዳዲ ኦፊሱን ዲሊት ያደረገ ቀን እያሉ ሲያነሱት አንተ ትስቃለህ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ሁሉ ዓመት! ባለፈው ሳምንት የሔለን ልጅ ሊያ ለጓደኛዋ በስልክ ስታወራ፣ አያቴ እኮ ኮምፒውተር አይችልም ነበር አለች። ማሽኑ ባስቸገረ ቁጥር ቢሮው ሁሉ የሚጠራው አንተን ነበር። ተናደድኩ፤ የተናደድኩት ግን በእሷ አይደለም። ያኔውኑ ቆረጥኩ።

ቅዳሜ ከጸሎቱ በኋላ ሰው ቤት ሲሰበሰብ እነግራቸዋለሁ። ሊያ አንዱም እንዳያመልጣት፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬም ቢሆን እደግመዋለሁ። ለምን ዝም አልሽ፣ ለምን አብረሽን ሳቅሽ ቢሉኝ ፈርቼ ነበር እላቸዋለሁ። ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው እንደምትለኝ አውቃለሁ። አልተወውም። በዚህስ እንኳ አትከላከልልኝ።

እስካለሁ አስታውስሃለሁ ግርማዬ፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ግን በሰው ፊትም እንደነበርከው አድርጌ።

ሚስትህ አልማዝ