ሰርብኛና ህሞንግኛ በአንድ ክፍል

ሰኞ፣ ኖቬምበር 8፣ 2004

አስተማሪው ርዕሱን ተቀበለኝ፦ ሰርብኛና ህሞንግኛ። ዝምድና የሌላቸውን ሁለት ቋንቋዎች ከሰው አፍ እየሰማችሁ አወዳድሩ ነበር ያለን። ከየት አገኘሻቸው አለኝ። ከሥራ ቦታዬ ነዋ። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ በአንድ ክፍል፣ በመጋረጃ ተለያይተው የተኙ ሁለት ሴቶች አሉ። ሚልካ ሰርብ ናቸው፤ ማይ ደግሞ ከላኦስ ተራራ የመጡ ህሞንግ። ሁለቱም እንግሊዝኛ የላቸውም። እኔ ሁለቱንም እማማ ነው የምላቸው።

አንሶላ እየቀየርኩ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ ብዬ ነበር። የዋህ ነኝ። ወገብ ሲደክም ጆሮም አብሮ ይደክማል።

እስካሁን የያዝኩት፦ ሰርብኛ ቃሉ ላይ ጭራ ይቀጥላል፤ የሰው ስም እንኳ አይምርም። የእማማ ሚልካ ልጅ አንዴ ጎራን፣ አንዴ ጎራና፣ አንዴ ጎራኑ ነው፣ እንደ ዓረፍተ ነገሩ። ህሞንግኛ ቃሉን አይነካውም። ቃላቱ አጫጭር ናቸው፤ ትርጉሙ የሚለወጠው ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲል ነው። መብላት በእማማ ማይ አፍ አንዲት አጭር ቃል ናት። ትናንትም ሆነ ነገ፣ እኔም ብሆን እሳቸው፣ ያቺው ናት። እኛ በላሁ፣ በላሽ፣ በላች እያልን ስንለፋ ኖረናል።

ማክሰኞ

ዛሬም በጠዋቱ ተጣሉ። ቁርስ ሳይቀርብ ነው የሚጀምሩት። የእማማ ሚልካ ድምፅ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል፣ እማማ ማይ በቀጭኑ ይመልሳሉ፣ ደግሞ ይብሳል። ስገባ ጸጥ። የሆነ ነገር የሰረቅኩ ይመስል ሁለቱም ያዩኛል።

ሰናይት ጠራችኝ። የክፍሉ ነርስ ናት፣ የአገሬ ልጅ። ዓርብ ሚቲንግ አለ፣ እማማ ማይን ሊያዛውሯቸው ነው አለችኝ። ጥሉ ብቻ አይደለም። ስኳር በሽታ አለባቸው፣ ስኳራቸው ደግሞ ቁርስ ሳይቀምሱ ከፍ ይላል። ዶክተሩ ምክንያቱን አላገኘም፤ ከጥሉ የመጣ ጭንቀት ይሆናል ብሏል። ባዶ አልጋ ያለው ከከተማ ውጭ፣ ሌላው ቅርንጫፍ ነው።

የልጅ ልጃቸው ፓ ከሰዓት መጣች። ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ትሠራለች፣ መኪና የላትም፤ እዚያ ቅርንጫፍ ድረስ ደግሞ አውቶቡስ አይሄድም። አያቴ በፊት የነበረችበት ክፍል ውስጥ ክረምቱን ሙሉ አልተናገረችም አለችኝ። አፋቸው የተፈታው እዚህ ነው፣ ለመጣላትም ቢሆን።

ለወረቀቴም አንድ ነገር ሰጠችኝ። ህሞንግኛ ለሁለት ሰው ብቻ የሚሆን "እኛ" አለው፤ ሦስት ከሆኑ ሌላ ቃል ነው። ሰርብኛ ይህ የለውም፣ እኛም የለንም። እግሬ አብጧል፣ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ረቡዕ

አገኘሁት። ባላገኘው ይሻለኝ ነበር።

ቀደም ብዬ ገብቼ ከመጋረጃው ወዲያ ፎጣ እያጠፍኩ ነበር፤ በክፍተቱ ይታየኛል። እማማ ማይ በዊልቸር ወደ እማማ ሚልካ አልጋ ተጠጉ። እማማ ሚልካ ከመሳቢያቸው የማርማላታ ጠርሙስ አወጡ፣ የቼሪ፣ ፍሬው ሳይፈርስ የሚታይ። ትንሽ ማንኪያ፣ አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ውሃ። "ኡዝሚ፣ ኡዝሚ" አሉ፤ ውሰጂ ማለት መሆኑን ከጎራን ሰምቻለሁ። እማማ ማይ በእጃቸው ከለከሉ። እማማ ሚልካ ጮክ አሉ፣ ማንኪያውን አፋቸው ድረስ አደረሱት። እምቢ፣ ኧረ እምቢ፣ ከዚያ እሺ። ዋጡ፣ ውሃውን ጠጡ፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑ።

ለካ ጥል አይደለም። በሞቴ ነው። አንዷ በሞቴ ይላሉ፣ ሌላዋ በቃኝ። እናቴ እንግዳ ፊት የምታሰማው ድምፅ ነው፣ ቁርጥ እሱ። እኛ ግን ጥል ብለን መዝገባቸው ላይ ጻፍነው። እኔም ፈርሜበታለሁ፣ ከበሞቴ አገር የመጣሁት ሰው።

ግን ስኳር ነው። ብናገር ይለያዩዋቸዋል። ዝም ብል እማማ ማይን እጎዳለሁ። ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። ሃቫና ስትሪት ላይ አውቶቡሱ አመለጠኝ፤ ሞንትቤሎ፣ ቤቴ ስደርስ ከነጫማዬ ሶፋው ላይ ወደቅኩ።

ሐሙስ

ነገርኳት። ሰናይት የመድኃኒት ጋሪውን ይዛ ቆመች። "አሁኑኑ ሪፖርት አደርገዋለሁ። አንቺም ትናንትና ነበር መንገር የነበረብሽ" አለችኝ። ልክ ናት።

ጎራን በስልክ ለእናቱ አስረዳልን። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዤላቸው ነበር። ሰርብኛው ረዘመ፣ ተጠማዘዘ፣ ከዚያ ተቋረጠ። ስልኩን ስወስድ ጎራን እንዲህ አለኝ፦ "እኛ ጋ ለእንግዳ መጀመሪያ የሚቀርበው ይሄ ነው። እንግዳዬን መርዝ አበላሁ ወይ ነው የምትለኝ።"

እማማ ሚልካ ጠርሙሱን ራሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እማማ ማይ ከሰዓት ወደ አልጋው ተጠጉ፣ ትንሽ ጠበቁ፣ ተመለሱ። ክፍሉ ውስጥ አንድም ቋንቋ አልቀረም። ወረቀቴ ላይ ምን ልጻፍ? አልቅሼ ነበር፣ ፎጣ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ።

ዓርብ

ሚቲንጉ አጭር ነበር። አለቃችን የማርማላታውን ነገር በደንብ ሰማች። አሁን ጸጥ ብለዋል፣ መሻሻል ነው አለች። መሻሻል አይደለም አልኳት፣ እንግሊዝኛዬ እየተንተባተበ። ሰናይት አገዘችኝ፤ ስኳሩ ዛሬ ጠዋት ልክ እንደነበረ አሳየች፣ ማዛወሩ ይቅር አለች። ሊቀርም ነበር።

ከዚያ ፓ ተናገረች። አያቷን ስለ ማዛወሩ ጠይቃቸው ነበር። "ጓደኛዬ ተቀይማኛለች፣ ይውሰዱኝ ነው ያለችው" አለች።

ውሳኔው ለሰኞ ተላለፈ። እማማ ሚልካን ያስቀየምኳቸው እኔ ነኝ፣ እማማ ማይ አይደሉም፤ ግን ይህን በየትኛው ቋንቋ ልንገራቸው? ቤት ገብቼ ወረቀቱን ከፈትኩት። ሁለት መስመር ጽፌ ዘጋሁት።

ቅዳሜ

ጠዋት የሁለቱንም ቁርስ አስገብቼ ወጣሁ። እማማ ሚልካ አሁንም ወደ ግድግዳ። ሌላ ክፍል አልጋ እያነጠፍኩ ጩኸት ሰማሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሠራው አዲሷ ልጅ እየሮጠች መጣች፣ እየተጣሉ ነው ብላ።

በሩ ጋ ቆሜ አየሁ። እማማ ማይ ከራሳቸው ትሪ ላይ የተቀቀለውን እንቁላል ልጠዋል፣ ጨው ነስንሰውበታል። ዊልቸሩን ወደ አልጋው አስጠግተው ወደ እማማ ሚልካ አፍ ይገፋሉ፣ ያቺን አጭር የመብላት ቃላቸውን እየደጋገሙ። እንዲህ ጮኸው ሰምቻቸው አላውቅም። እማማ ሚልካ ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰዋል። በእጃቸው ይከለክላሉ፣ ረጅሙን ሰርብኛ ያዘንባሉ። ፊታቸው አልተፈታም። አፋቸው ግን ትንሽ ተከፍቷል።

ልጅቷ "ልለያያቸው?" አለችኝ።

"ተያቸው፣ እየተጋበዙ ነው" አልኳት።

ኮሪደሩ ላይ ያገኘሁት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰኞ ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። ለጊዜው ይጩኹ።