በለቅሶህ ቀን የወጣው ሜዳሊያ

ይድረስ ለአያሌው፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሞላኝ። እኔ አለሁ፣ መኖር ከተባለ። ጉልበቴ ዳገት እምቢ ስላለኝ መሬቱን ዘንድሮም ለእኩል አራሽ ሰጠሁት። ውርጩ ጠንክሮ ድንቹን ፈጀው። አንተ ብትኖር ጠዋት ወጥተህ ሰማዩን ተቆጥተህ ትመለስ ነበር፤ አሁን የሚቆጣልንም የለም።

የምጽፍልህ ግን ስለ በደሌ ነው። በለቅሶህ ቀን፣ እንደ አገሩ ልማድ ካፖርትህንና ፎቶህን ስናወጣ፣ ወንድሜ ሜዳሊያህን ከሣጥን አምጥቶ ካፖርቱ ላይ ሰካው። አልቃሿም እሱን አይታ ገዳይ እያለች፣ ስንቱን እንደጣልክ እየደረደረች አስለቀሰችን። ሜዳሊያው ቁስለኛ በቃሬዛ በማመላለስህ እንደተሰጠህ፣ አንድም ሰው እንዳልገደልክ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ባሏን ሲያወድስ የትኛዋ ሴት ናት ተዉ የምትል?

ዝምታዬ ግን ለልጃችን ተረፈ። ደሴ ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ አድርጎ የገዳይ ልጅ ነኝ ማለት ጀመረ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ልዘምት ነው፣ ስንቅ አሰናጂልኝ አለኝ። ደክሞኛል አያሌው። አንተን ስጠብቅ ነው ጠጉሬ የሸበተው፤ ሌላ ሰው ለመጠበቅ አቅም የለኝም።

ስለዚህ ሁሉንም ነገርኩት። ቃሬዛው ሲሰበር ሰው በጀርባህ ትሸከም እንደነበር፣ ሁለት ቁስለኞች እኩል ሲለምኑህ አንዱን አንስተህ አንዱን ትተህ መሄድህን፣ ስትመለስ ነፍሱ ወጥታ እንዳገኘኸው። ታመህ በተኛህበት ይቅር በለኝ ስትል የነበረው እሱን እንደሆነም ነገርኩት።  ልጅህ ሜዳሊያውን ፈትቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠና የሰውዬውን ስም ጠየቀኝ። አላውቀውም። ያን ሁሉ ዓመት አብሬህ ኖሬ አለመጠየቄ!

ከዘመቻው መቅረቱን በአፉ አልነገረኝም፤ የስንቁን ነገር ግን መልሶ አላነሳብኝም።

ትናንት አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አንተንም ያን ቁስለኛም በጸሎት ለማስጠራት የክርስትና ስም ያስፈልጋልና ያንተን ሰጠን። ቄሱ የዚያን ሰው ሲጠይቁን እኔ አንገቴን ደፋሁ። ደሴ ግን ስሙን እግዜር ያውቀዋል፣ እርስዎ የአባቴ ወንድም ብለው ይጥሩልኝ አላቸው። እሺ አሉ።

እኔ በሕይወት እስካለሁ ስምህ ብቻውን አይጠራም።

ምሽትህ ሙሉነሽ