ፎቶውን ማን አነሳው?

ማክሰኞ

ፎቶውን ማን አነሳው? እህቷ አራስ ናት፣ ከቤት አትወጣም። የእህቷ ባል ሥራ ላይ ነው። ሚስቴ ሰብለ ግን አየርላንድ ውስጥ፣ ጭጋግ የዋጠው ተራራ ጫፍ ላይ ቆማ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ትስቃለች። እኔ ፊት እንዲህ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ! አራስ ልጠይቅ ብላ ሄዳ ተራራ!

ጽፌ ጠየቅኳት። "ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ነው የወጣሁት" አለች። የትኞቹ ሰዎች?

ረቡዕ

የምሠራበት ፓርኪንግ ላይ አንዱን ደንበኛ ሁለቴ አስከፍዬ ተሰደብኩ። ሐሳቤ ሁሉ አየርላንድ ነው።

ድምፅ ላከችልኝ። ተራራው መንገድ የለውም፣ ከላይ ሣር ከሥር ውሃ ነው አሉ። እግሯ ማጥ ውስጥ ሰምጦ "ብራያን በሁለት እጁ ጎትቶ አወጣኝ" ትላለች፣ እየሳቀች። ብራያን! ደጋግሜ ሰማሁት። ከኋላ የወንድ ሳቅ አለበት።

ቀንቻለሁ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ምሳ እንኳ አልበላ አለኝ።

ሐሙስ

አላስቻለኝም። ከሥራ ስወጣ ኮልፋክስ ጎዳና፣ ጋሽ ወርቁ ቤት ሄድኩ። ስንጋባ ሽማግሌ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ደውለው እንዲመክሩልኝ ነበር። ፎቶውን መነጽራቸውን አድርገው አዩትና "ቀድማሃለች እኮ" አሉኝ።

ለካ ከመሄዷ በፊት ስሞታ ይዛ መጥታ ኖሯል። "ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ እንውጣ ስለው፣ ሥራ የፈታሁ መሰለሽ እንዴ? ይለኛል" ብላ። ብያለሁ፣ አልክድም። በየቀኑ ከፓርኪንጉ ጣሪያ ላይ ተራራ አያለሁ፤ አንዱንም ረግጬ አላውቅም።

ልከስ ሄጄ ተከስሼ ተመለስኩ።

ዓርብ

ደወልኩና በቀጥታ ጠየቅኳት፤ ብራያን ነው ያነሳሽ? "ማንስ ቢያነሳኝ፣ አንተ አልነበርክም" ብላ ዘጋችው።

ከድጡ ወደ ማጡ። ደግሞ እውነቷን ነው፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ቅዳሜ

ሥራ ቀረሁ። ጋሽ ወርቁን ይዤ ተራራ ሄድኩ። ሰው የረገጠውን መንገድ ትቼ በአቋራጭ ስል፣ በረዶው የቀለጠበት መስክ የሥራ ጫማዬን ዋጠው። ጋሽ ወርቁ ከዘራቸውን ዘርግተው ሊጎትቱኝ መጡ፤ መጀመሪያ ግን በስልኬ ፎቶ አነሱኝ። ሳቄ መጣ።

ምንም ሳልጽፍ ላክሁላት። ወዲያው መለሰች፦ "አንተ ነህ? የት ነው?" ቀጥላ ደግሞ፦ "ማነው ያነሳህ?"

ጋሽ ወርቁ "ንገራት እንጂ" አሉኝ። ቤት ገብቼም አልነገርኳትም። እሷም ትንሽ ትቅና ብዬ።

ይኸው ስልኩ እየጠራ ነው።