ሦስተኛው ስንኝ የጫልቱ ነው

ሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን 2004

«ራፕ ነው የምቀዳው» ስለው ናሆም አልሳቀም። በዚህ ብቻ ወደድኩት። አምቦ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ለጥፎ ስቱዲዮ ነው ይላታል። ኮምፒዩተር አለ፣ ማይክ አለ፣ ሌላ ምን ቀረ? እኔ ከጊንጪ የተላክሁት የትምህርት ቤታችንን ፎርሞች ለዞኑ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ላስረክብ ነበር። አራት ሰዓት ሳይሞላ አስረከብኩ። ከዚያ እግሬ ወሰደኝ ብል ውሸት ነው፤ ከቤት ስወጣ ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነው የወጣሁት።

ደብተሩ ባለፈው ሳምንት ከሻንጣ ሥር ተገኘ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ከጫልቱ ጋር የጻፍናቸው ሃያ ሦስት ራፖች አሉበት። ስለ ፊዚክስ መምህራችን። ስለ ጭቃ። ስለ አንድ ቆንጆ የአውቶቡስ ረዳት፣ ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ብቻዬን አፈርኩ። ስለ ወፍጮ ቤት። የምቀዳው የወፍጮ ቤቱን ነው። ረቡዕ ነይ ተብያለሁ።

የሠላሳ ዓመት ሴት ነኝ። የሁለት ልጆች እናት፣ የሪከርድ ክፍል ሠራተኛ። ደስታው ግን አላስቀምጥ ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 7

ፋይል እየፈለግሁ ስለማመድ ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። «ወይዘሮ ብርቱካን፣ ጸሎት ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ምን ልበል።

ባለቤቴ ታደሰ ደግሞ «ራፐር ማግባቴን ሳላውቅ ስድስት ዓመት ኖርኩ» እያለ ልጆቹን ያስቃል። ይሳቅ። እሱ የማያውቀውን እዚህ ልጻፍ።

ጫልቱ የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለታችንም እህል ተሸክመን ኦቦ ድሪባ ወፍጮ ቤት እንላካለን፤ ወረፋው ግማሽ ቀን ይፈጃል። የናፍጣው ሞተር ዱግ ዱግ ዱግ ይላል። ሌላ ሙዚቃ ከየት ይምጣ? በካሴት የሰማነውን የአሜሪካኖች ራፕ በዚያ ሞተር ላይ ጫንነው፤ በአማርኛ፣ ቃል ሲጠፋን በኦሮምኛ። ቅንድባችን ዱቄት ለብሶ፣ ማንም አያክለንም ነበር። ከሁሉ የምንወደው ይህን ነው፦

ተራዬን ጠብቄ አለቀብኝ ቀኑ፣
ኦቦ ድሪባ ሆይ፣ እንዴት ነው ሚዛኑ?
ቀስ ብሎ ይፈጫል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣
የቸኮለ ሰው ግን ጥሬውን ይወስዳል።

አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው የእኔ ናቸው፤ ሦስተኛው የጫልቱ። ተለዋውጠን አናውቅም።

ከዚያ የወላጆች ቀን መጣ። ትምህርት ቤቱ ኪቦርድ ተከራየ፣ ቁልፉን ሲጫኑት ራሱ ምት የሚመታ። በእሱ ላይ የወፍጮ ቤቱን ልናቀርብ ወጣን። ጫልቱ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ከምቱ ኋላ ቀረች። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ማይኩን ከእጇ ነጥቄ አራተኛውን ብዬ ጨረስኩ፣ ተጨበጨበልኝም። ከዚያ ከክፍሎቹ ጀርባ ወስጄ «ምት መጠበቅ እንኳ አትችዪም፤ አዋረድሽኝ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ራፕ ብላ አታውቅም። አልተጣላንም፣ ሰላምታ ነበረን። ነርስ ሆና ካቺሲ መመደቧን ከሰው ሰማሁ። ማግባቷንም ከሰው ሰማሁ። ይሄኛው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 8

ኋላ ቀረሁ።

አራት ጊዜ ቀዳን፤ አራቱንም ጊዜ ሦስተኛው ስንኝ ላይ። ናሆም ታጋሽ ሰው ነው። በመጨረሻ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ «እህቴ፣ ሌላው ልክ ነው። እዚች ላይ ግን ሁልጊዜ በአንድ መጠን ነው የምትዘገዪው። ምን እየሰማሽ ነው?» አለኝ።

ምን እየሰማሁ ነው? ኦቦ ድሪባን ነዋ። እሳቸው ጆንያውን ከመሬት ሲያነሱ እንጀምራለን። ሁለት ስንኝ እስክንል ጆንያው ትከሻቸው ላይ ነው። ሦስተኛው ላይ እህሉን ወፍጮው አፍ ውስጥ ይገለብጡታል። ሞተሩ ይከብደዋል፣ ያቃስታል፣ ዱግ… ዱግ… ይላል። ከዚያ ይነቃል፣ አራተኛው በፍጥነት ይሄዳል። ጫልቱ ያን ቀን ኋላ አልቀረችም። ከወፍጮው ጋር ነበረች። የእሷን ስንኝ በአፌ ብዬው ስለማላውቅ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አልገባኝም። ስንኙ ራሱ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ እያለኝ።

ናሆም ፊት አለቀስኩ። እሱ ማይኩን ከፊቴ አራቀው፤ እንዳይረጥብበት ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 9

ጠዋት ኦቦ ድሪባ ዘንድ ሄድኩ። ወፍጮው በመብራት ሆኗል፤ ዝም ብሎ ይጮኻል እንጂ ምት የለውም። እሳቸው በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና «ሚዛኑ ግን ልክ ነበር» አሉኝ። ለካ እሳቸውም ነገሩን ይዘውት ነው የኖሩት።

የጫልቱን ስልክ ከእህቷ ተቀበልኩ። ከመደወሌ በፊት የምላትን ጻፍኩ፦

ይቅርታ።
ወፍጮው።
በኪቦርዱ አለማላከክ።
አለማልቀስ።

«አከም ጅርታ?» ብላ ሰላም አለችኝ፣ ለማንም እንደምትለው። «ጫልቱ፣ ስለ ወፍጮው ነው» አልኳት። «ማል ጄታ? ምን አልሽኝ?» ከዚያ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሷ ትዝጋው አላውቅም። ደግሜ ብደውል አይነሳም።

ታደሰ ሁኔታዬን አይቶ «በአካል በድለሽ በስልክ ይቅርታ?» አለኝ። አንዳንዴ ቁም ነገር ይወጣዋል ይሄ ሰውዬ። ለነገ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11

ካቺሲ መናኸሪያ፣ አውቶቡሱ እስኪሞላ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ደስ ብሎኛል።

ትናንት ጭቃው መኪናችንን ሁለት ጊዜ ይዞት በስንት መከራ ደረስን። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ያለ ካርድ አላስገባም አለኝ። ካርድ አወጣሁ። ከሚያስሉ ሰዎች መሀል ተራዬን ጠበቅኩ። ስገባ ጫልቱ ቀና ሳትል «ምንሽን ያመሻል?» አለችኝ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«ከምቱ ኋላ የቀረሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ቀና አለች። ስለ ስቱዲዮው፣ ስለ ጆንያው፣ ሞተሩ ስለሚያቃስትበት ቦታ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ካርዴን ብዙ አገላበጠችው። «የምታውቂ መስሎኝ ነበር» አለች። «እያወቅሽ ለጭብጨባ ብለሽ የነጠቅሽኝ መስሎኝ ነው የራቅሁሽ።»

«አላውቅም ነበር። ባላውቅም ግን መንጠቅ አልነበረብኝም።»

«አዎ፣ አልነበረብሽም» አለች። ቀጥላ «ውጭ ጠብቂኝ፣ በሽተኛ አለብኝ» አለችኝ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ ሳላውቅ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ጋውኗን አውልቃ ስትወጣ ቤቷ የምንሄድ መስሎኝ ነበር። በገበያው በኩል ይዛኝ ታጠፈች። ከሩቅ ሰማሁት፤ ዱግ ዱግ ዱግ። ባለወፍጮው ሲያያት ከመቀመጫው ተነሣ፤ ልጁን አክማለታለች። «ስልክሽን አውጪና ቅረጪ» አለችኝ። «እኔ ግን ራፕ አልልም። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።» እኔስ ምንድን ነኝ?

ሰውየው ጆንያውን አነሳ። አንደኛውን አልኩ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ዞረው አዩኝ። ሁለተኛውን አልኩ። ጫልቱ ግድግዳውን ተደግፋ እጇን አጣምራ ቆማለች። የሚቀጥለውን እኔ አልለውም ብዬ ቆርጬ ነበር፤ እሷ ዝም ካለች ባዶውን ይለፍ። እህሉ ወረደ። ሞተሩ አቃሰተ። ጫልቱ እጇን እንዳጣመረች፣ ልክ በቦታው፣ ከሞተሩ ጋር ቀስ ብላ ገባች። እኔ አራተኛውን ረሳሁት።

ቤቷ አሳደረችኝ። ቅጂውን አሁን ለሰባተኛ ጊዜ እየሰማሁት ነው። ሞተሩ ይበዛል፣ ናሆም ምን እንደሚለኝ እንጃ። ጫልቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታኝ ነበር። ተመልሰሽ ነይ አላለችኝም። መኪናው ውስጥ ከገባሁ በኋላ በመስኮቱ በኩል ጠርታኝ፣ «የቀሩት ሃያ ሁለቱስ የታሉ?» አለችኝ።