ሹፌር ጠፋ ያሉት

ለምወድህ ልጄ ለሙሐመድያሲን፦ አላህ ከመንገድ ክፉ ይጠብቅህ፤ በወጣህበት ሁሉ በሰላም ይመልስህ። እኛ ከሞጣ ብርድ በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እህትህ ኸይራት በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ናት።

አባትህ ግን ከሥራ ወጥቶ ቤት ይውላል። አስራ ዘጠኝ ዓመት መኪናውን የነዳለት ሐምዱ «ሹፌር ጠፋ፤ ለምገዛው ለሁለተኛው መኪና ሰው አሠልጥንልኝ» ብሎ መንጃ ፈቃድ በቅርቡ ያወጣ ጎልማሳ አመጣለት። አባትህም ሁለት ወር ሙሉ አጠገቡ ተቀምጦ የዓባይን ቁልቁለት ፍሬን ሳያግል በከባድ ማርሽ መውረድን አስተማረው። ሰውየው በለመደ ማግስት ሐምዱ የአባትህን መስገጃና ፔርሙስ በባጃጅ ላከልን። ሁለተኛ መኪና የሚባል ነገር የለም። አዲሱ በአባትህ ግማሽ ደሞዝ ይነዳል። መስጊድ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የሚሰግድ ሰው፣ መጥቶ «ከእንግዲህ አልፈልግህም» ማለት እንኳ አቃተው!

አባትህ አሁንም መኪናው በበራችን ሲያልፍ ጆሮውን ይጥላል። «ፍሬን ያበዛል፤ ዓባይ ላይ እንዳይጎዳ» ይላል። የተቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ልጄ፣ ፖላንድ ገብተህ «እዚህ ሹፌር ጠፍቶ ነው የቀጠሩን» ያልከን ቀን እልል ብዬ ነበር። አሁን ያችን ቃል ሳስባት ትከብደኛለች። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፤ ሪዝቅህን ያስፋልህ። አንዲት ነገር ብቻ ልለምንህ፦ ከአንተ በፊት ያንን መሪ የያዘው ሰው ማን እንደነበር ጠይቅልኝ። መኪናው ውስጥ የቀረ ዕቃ ካለው፣ አንተው በእጅህ አድርስለት።

እናትህ ዘሚራ