በሸንተረሩ ላይ የተከልኳቸው በትሮች

መስከረም 11 ቀን 1979

እሑድ። ከምሳ በኋላ ብቻዬን ወጣሁ። ዝናቡ ለቀቅ አድርጎናል። ክረምቱን ሙሉ ስቀመጥ ከርሜ ወገቤ አልታጠፍ ብሎኝ ነበር። ከከተማው ጀርባ ያለውን ሸንተረር ይዤ ወደ ላይ... ባቄላው አብቧል። ሽታው! እዚሁ ሆሳዕና ተወልጄ አድጌ ይህን መንገድ አላውቀውም? ሱቅ ውስጥ ያደገ ልጅ፣ ከዚያ ደግሞ ጠመኔ የጨበጠ መምህር፣ ምን ያውቃል።

ከባሕር ዛፍ በትር ቆርጬ፣ ልጡን ልጬ፣ የተመለስኩበት ቦታ ላይ ተከልኳት። ከሩቅ ነጭ ሆና ትታያለች። በሚቀጥለው እሑድ አልፌያት መሄድ አለብኝ። የልጅ ነገር... ባለቤቴ ጵርስቅላ ብትሰማ መሳቂያ ታደርገኛለች።

መስከረም 18

የመስቀል ማግስት። በትሬን አልፌ ሄድኩ! ላቤ ጠብ እያለ። ክረምት በመምህራን ሰሚናር ላይ የታደለኝን ካኪ ጃኬት ነው የምለብሰው፤ ጭቃ ቢነካው አይቆጭም።

አንዲት ባልቴት ከደጃቸው ቆመው፣ "ወዴት ነው ጌታው?" አሉኝ። ገነቴ ይባላሉ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ የኔ ሀድይኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም።

"እንዲሁ ነው እማማ፤ አገር ልይ ብዬ።"

"ይዩ፣ ይዩ" አሉና አስገቡኝ። ቆጮ በቅቤ። እምቢ ብል ማን ሊሰማኝ! ጓሯቸውን አሳዩኝ፤ ባላቸው የሞቱ ዓመት የተከሉት እንሰት ነው። ተፍቆ ቆጮ ለመሆን ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል አሉ። "እንዴት ያለ ሜዳ ነው፣ ሲያምር!" አልኳቸው ከጓሮው ማዶ እያየሁ። ፊታቸውን ወደ እንሰቱ መለሱ። ዓይን አፋር ናቸው መሰለኝ። ስወጣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ አስያዙኝ። የገጠር ሰው ደግነት... አንጀቴን በሉት።

ሁለተኛዋን በትር ከአጥራቸው ጥግ ተከልኩ።

መስከረም 25

በየደጁ "ግቡ፣ ግቡ" ነው። ወተት፣ ማር፣ ደግሞ ቅቤ። ተወዳጅ ሆኛለሁ! ሽማግሌዎች ቆብ ያነሱልኛል። በየጓሮው ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ይፍቃሉ። ወቅቱ ይሆናል። ቆሜ አየኋቸው፤ ደስ የሚል ነገር ነው፣ የሥራ ኅብረታቸው። ለምን እንዳልዘፈኑ ግን አልገባኝም።

ሦስተኛ በትር።

ጥቅምት 1

ጵርስቅላ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ "ዳኜ፣ ጉድ ሰማሁ" አለችኝ። ከሸንተረሩ ሰዎች ጋር በቋንቋቸው ስታወራ ነው የሰማችው። ገበያው ባልደረሰ እንሰት ቆጮ ተሞልቷል። ውሃ ውሃ ይላል፤ የሚገዛው የለም።

"ምነው?" አልኳት።

"መንደር ምስረታ መጣብን፣ ከየጓሯችን ነቅለው ሜዳ ላይ ሊያሰፍሩን ነው ይላሉ። አንድ ካኪ የለበሰ ሰውዬ በየሳምንቱ እየመጣ ችካል ይተክላል አሉ። ሜዳውን ወዶታል። መንግሥት ከሚወስድብን ፍቀን እንብላው ብለው ጨረሱት።"

ችካል!

ወደ በሩ ዞርኩ። ጃኬቱ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል... እንዴት አላየችውም? እራት ላይ ከዚያ ቅቤ ሽሮው ላይ ጣል አደረገችበት። ዋጥኩ።

እኔ እኮ ስለ መንደር ምስረታ ባስረዱበት በዚያ ሰሚናር ላይ ነበርኩ። ቤቱ በችካል መስመር ይሠራል ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ ጭንቅላቴ የት ሄዶ ነበር?

ጥቅምት 2

በጠዋት ልነቅላቸው ወጣሁ። ጉድ እኮ ነው፣ የመጀመሪያዋ በትር አጠገብ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ! የገበሬ ማኅበሩ ነው የመደበው። እኔን ሲያይ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ። አበራ ይባላል። እውነቱን ነገርኩት፤ መምህር ነኝ፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው፣ ለጨዋታ ነው... ፊቱ ዓመድ መሰለ።

"ጓድ መምህር፣ እኔ ቅየሳ ተጀምሯል ብዬ ለበላይ አስታውቄያለሁ። አሁን ጨዋታ ነበር ልበል? እኔ ምን እባላለሁ? እርስዎስ? በመንግሥት ፕሮግራም አላገጠ ቢሉዎት ምን ይመልሳሉ?"

እንግዲያውስ ዝም ይሻላል ተባባልን። ተጨባብጠን ተለያየን። ወደ ቤት የተመለስኩት በሌላ መንገድ ነው፣ በእማማ ገነቴ ደጅ እንዳላልፍ። ከአጥራቸው በላይ የእንሰቱን ቅጠል ከሩቅ አየሁት፤ ገና አልነኩትም። ተመስገን አልኩ። ገብቼ "አይቁረጡ" ማለት ግን ስንት ቃል ነው?

ጥቅምት 9

እሑድ። አልወጣሁም። ጉንፋን ይዞኛል አልኳት። ውሸት ነው። ፈሪ!

ጥቅምት 15

ጵርስቅላ ከገበያ መጣች። ባልቴቷ ገነቴ እንሰታቸውን በሙሉ ፈቀው ለገበያ አውጥተውታል። "በርካሽ እንኳ የሚወስድላቸው አጡ። ተቀምጠው ብቻ ያያሉ" አለችኝ።

ያኔ ነው ከአፌ ያመለጠኝ። "ያ ካኪ የለበሰው ሰውዬ እኔ ነኝ።"

መጀመሪያ ሳቀች። እየቀለድኩ መስሏት ነው። ሁሉንም ነገርኳት፣ ቅቤውንም። ሳቋ ቆመ።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"የዛሬ ሁለት ሳምንት።"

"ሁለት ሳምንት! ያኔ እኮ እንሰታቸው ቆሞ ነበር፣ ዳኜ!" የገበሬ ልጅ ናት። እናቷ በእንሰት ነው ያሳደጓት፤ በክፉ ቀን ሌላ የሚበላ አልነበራቸውም። "ሂድና በአፍህ ንገራቸው" አለችኝ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ማድ ቤት ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 16

ሄድኩ። ጃኬቱን አልለበስኩም። እማማ ገነቴ ከደጃቸው ተነሡ። "ይግቡ ጌታው፤ ዛሬ ግን ቅቤ የለም" አሉኝ።

"አልገባም እማማ። ችካሉን የተከልኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ቅቤውን ለምን ሰጠሁዎት ታዲያ?"

"መንግሥት አልላከኝም ማለቴ ነው። ማንም አልላከኝም። መምህር ነኝ።"

አማርኛው አልገባቸው ይሆን ብዬ ልደግመው ስል፣ "ለምን ተከልከው?" አሉኝ። አንተ አሉኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ለእግሬ... ሽርሽር ነው። የት እንደደረስኩ ለማወቅ። ደስ ይለኝ ስለነበር።"

ጓሯቸውን አየሁ። ባዶ ነው፤ ጉቶና የደረቀ ኮባ ብቻ። እሳቸው ግን የሚያዩት እኔን ነው።

"ደስ አለህ?"

ምን ልበል? ከዚህ በላይ ልዋሽ?

"አዎ" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ አጥሩ ጥግ ሄደው በትሬን በሁለት እጃቸው ነቀሏት። "ሊቀመንበሩስ እማማ? እንዳያስሩዎት!" አልኩ። "እንሰቴ አልቋል። ሌላ ምን አለኝና እፈራለሁ" ብለው ምድጃው ውስጥ ከተቷት። እርጥብ ስለነበረች ቶሎ አልነደደችም። እስክትነድ ቆሜ ጠበቅኩ። ሂድ አላሉኝም፤ ተቀመጥም አላሉኝም።

ልወጣ ስል፣ "ዶማ አለህ?" አሉኝ።

"እገዛለሁ።"

"ችግኝ የምንተክለው በጋው ሲያልፍ ነው። ጉድጓዱ ግን ካሁኑ ይቆፈራል። እኔ ወገብ የለኝም።"

ኅዳር 7

ዶማ ከያዝኩ ሦስተኛ እሑዴ ነው። መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል። ጎረቤቶቻቸው ካኪው ሰውዬ ዶማ ይዞ ሲቆፍር ቆመው ያዩኛል፤ "ግባ" የሚለኝ የለም። እማማ ገነቴም ስለ ሥራው ካልሆነ አያወሩኝም። "ጥልቅ አድርገው" ይላሉ፤ ጥልቅ አደርገዋለሁ። ችግኙ ለመፋቅ እስኪደርስ ሰባት ዓመት ነው አሉኝ። ሰባት ዓመት በሕይወት ይኖሩ እንደሆነ መጠየቅ አልደፈርኩም።

ዛሬ አየሩ ግሩም ነበር። ስንዴው ቢጫ ሆኗል፤ ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለ። ደስ እንዳይለኝ ብዬ መሬት መሬት እያየሁ ሄድኩ።